ለአንዱ፣ ለሁሉና ለአባላቱ፦ የስርጭት ቃላት ታሪክ ከኢሉባቦር ከተሞች አንጻር

አዲስ ስያሜ ለማውጣት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ለሚሰየመው ነገር የሚቀርብ አሠራር በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም? ነበረ ከተባለ ቃሉም በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ይገኛልና ፈልጎ ማውጣት ነው፤ አልነበረም ከተባለ ግን መዋስ ወይም አዲስ መፍጠር ግድ ይሆናል። ይህን ጥያቄ ሳያነሡ የባዕዱን ቃል በቁሙ መተርጐም ቃሉን ያስተዋውቃል፤ ነገሩን ግን አያስረዳም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በኮምፒውተር መረብ ሥራ «መልቲካስት» እየተባለ የሚጠራውን የመልእክት አላላክ ነው። በመረብ ውስጥ መልእክት በተለይ በሦስት ዐይነት መንገድ ይላካል። አንደኛው ከአንድ ላኪ ለአንድ ተቀባይ የሚደረገው ነው፤ ዩኒካስት ይሉታል። ሁለተኛው ከአንድ ላኪ በመረቡ ላሉት ሁሉ የሚደረገው ነው፤ ብሮድካስት ይሉታል። ሦስተኛው «ይህ መልእክት ለእኛም ይድረሰን» ብለው ራሳቸው ለጠየቁ ተቀባዮች ብቻ የሚደረገው ነው፤ መልቲካስት የሚባለው ይኸው ነው። የዚህ የመጨረሻው የባዕድ ስም መነሻ «ብዙ» የሚል ትርጉም ስላለው፣ በቁሙ የሚተረጉም ሰው «ብዝኃ ስርጭት» ወደሚል ሐረግ ቶሎ ይደርሳል። እኛ ግን ይህ ስያሜ ነገሩን ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያደባልቅ፣ ስያሜው ሊቆምበት የሚገባውም መሠረት አባልነት እንደ ሆነ ለማሳየት እንሞክራለን።

ለማስረጃችን የኢሉባቦርን ከተሞች መርጠናል። ምክንያቱም ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ከጅማ ተነሥቶ በበደሌ፣ በያዮ፣ በሁሩሙና በመቱ አልፎ ጎሬ የሚደርሰው መንገድ ከተሞቹን እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የሰካ በመሆኑ፣ የመረብን ነገር ለማስረዳት የተመቸ ነው። ሁለተኛም፣ ከአዋጅ ነጋሪ እስከ ሳተላይት ያሉት የመልእክት ማድረሻ ስልቶች በዚህ አገር በየተራ አልፈዋልና የቃላቱን ታሪክ ከነገሩ ታሪክ ጋር አጣምሮ ለማየት ይቻላል። የሕዝቡም አብዛኛው ክፍል ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ የሁለቱን ቋንቋዎች ስያሜዎች ጎን ለጎን ማስተያየት ይጠቅማል።

1. ዟሪውና ከበሮይቱ

«አዋጅ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ዖደ» ይመዘዛል፤ ዞረ ማለት ነው። «ዐዋዲ» ማለትም የሹምን ቃል እየዞረ የሚያሰማ ሰው ነው። መጨረሻው «ዲ» በአማርኛ ልማድ ወደ «ጅ» ተለውጦ «ዐዋጅ» ሲሆን፣ ስሙ ከተናጋሪው ሰው ወደሚነገረው ቃል ተሻገረ። «ነጋሪት» ደግሞ ከ«ነገረ» የወጣ ነው፤ «ነጋሪ» ለሚለው የአንስት ጾታ ስም ሆኖ፣ ከበሮይቱን ራሷን ተናጋሪ ያደርጋታል። ከበሮው ከአደባባይ ከራቀ በኋላም ስሙ አልጠፋም፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣ ወርሶታል። በኦሮምኛ አዋጅ «ለብሲ» ይባላል። ሁለቱም ቋንቋዎች ለሁሉ የሚነገርን ቃል ለይተው የሚጠሩበት ስም ነበራቸው ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የአዋጁ መክፈቻ ነው። «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው የታወቀ ቃል በውስጡ ሁለት ትእዛዝ ይዟል። የመጀመሪያው ለቆመው ሁሉ የተነገረ ነው። ሁለተኛው ግን የሥራ ክፍያ ያደርጋል፤ ሰሚውን አድራሽ አድርጎ ይሾመዋል። አዋጅ ነጋሪው በገበያና በአደባባይ ይናገራል እንጂ ከየጎጆው በር አይደርስም። ከገበያ ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ ቤት ቃሉን የሚያባዛው በየመንታ መንገዱ የሚለያየው ገበያተኛ ነው። ይህ የማባዛት ሥራ ከላኪው ትከሻ ወርዶ በመንገዱ ላይ መከፋፈሉ፣ ወደ ኋላ ስለ ኮምፒውተር መረብ ስንናገር ተመልሶ ይመጣል።

ጎሬ በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የገዢ መቀመጫ ነበረች። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም እስከ ብዙ ዘመን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች፤ በኋላ ነው ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ የተዛወረው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ስትሆን፣ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ በኩል ወደ ወደቡ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ጀመር። መርከቡ የሚመጣው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነው። እንግዲህ የመርከብ መድረስ ወሬ ምን ዐይነት መልእክት ነው? ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ ደብዳቤ አይደለም፤ ቡና የጫነው ነጋዴ ሁሉ ይፈልገዋልና። አገር ሁሉ የሚሰማው አዋጅም አይደለም፤ በማሳው ላለው ገበሬ ምኑም አይደለምና። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች አሉ፤ የሚለያቸውም ቁጥራቸው ሳይሆን ጉዳዩ ነው።

የጦርነት ጊዜ ደግሞ ልዩነቱን ይበልጥ ያጎላዋል። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ ጎሬ የልዑል ራስ ኢምሩና የቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ሆና እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ቆይታለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሁሉ የሚነገር ቃል ለጠላትም ይነገራል። ለሁሉ መናገርና ለሚገባቸው መናገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለመረዳት የኮምፒውተር መምጣት አላስፈለገም።

2. አንዱ ሽቦ

«ስልክ» ከዐረብኛ የገባ ቃል ነው፤ በምንጩ ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። አማርኛ መሣሪያውን በሚያልፍበት ሽቦ ስም ጠራው። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው መስመር ቀስ በቀስ በየአቅጣጫው ሲዘረጋ፣ በምዕራብ በኩል ጎሬም የስልክ ከተማ ሆነች።

የጥንቱ የእጅ መዘውር ስልክ በብዙ አገር አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው። ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ሽቦ ላይ ሲቀመጡ ደወሉ በሁሉም ዘንድ ይጮኻል፤ ለማን እንደ ተደወለ የሚታወቀው በደወሉ ርዝመትና ቁጥር ነው። ሁሉም ይሰማል፤ የሚያነሣው ግን የተጠራው ነው። ሌላው ደግሞ ጆሮውን ቢያስጠጋ ከልካይ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በዜሮክስ የምርምር ማእከል የታሰበው ኤተርኔት የተባለው የኮምፒውተር ማገናኛ በመጀመሪያ መልኩ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ ተሰክተው አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ሁሉ ይሰማሉ፤ እያንዳንዱም አድራሻውን አይቶ የእርሱ ያልሆነውን ይተዋል። በእንዲህ ያለ ገመድ ላይ ለሁሉ መላክ እጅግ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። «ለሁሉ» ተብሎ የተላከውን መልእክት የማይመለከተው ኮምፒውተር እንኳ ሥራውን አቋርጦ መክፈትና መመልከት አለበት። የብሮድካስት ወጪ በላኪው ላይ ሳይሆን በማይፈልጉት ሰሚዎች ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

3. ሬዲዮና «ብዙኃን»

«ስርጭት» የሚለው ቃል በዛሬው ትርጉሙ የጸናው በሬዲዮ ምክንያት ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ሥራ ስም ያወጣው ከእርሻ ሲሆን፣ ዘርን በእጅ በትኖ መዝራት ማለት ነበር። የእኛ ገበሬም ጤፍን የሚዘራው በትኖ ነው፤ አማርኛ ግን የመረጠው «አሰራጨ» የሚለውን ነው። መበተን መልሶ የማይሰበሰብን ነገር ሲያመለክት፣ መሰራጨት ግን እየሰፉና እየደረሱ መሄድን ያሳስባልና ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። በኦሮምኛም ለዚሁ ሥራ «ተምሳሰ» የሚለው ቃል ተለምዷል።

መቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ፣ በ684 ኪሎኸርዝ፣ 100 ኪሎዋት ኃይል ባለው ማሰራጫ ለምዕራቡ አገር ሲያሰማ የቆየው ከመቱ ነው። ማሰራጫው ማን እንደሚሰማው አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። በያዮ አንድ ሬዲዮ ቢከፈት ወይም ሺሕ ቢከፈት የሚፈጀው ኃይል ያው ነው። ስርጭት በትክክለኛ ትርጉሙ ይህ ነው።

ለዚህ ዐይነቱ መገናኛ አማርኛ «መገናኛ ብዙኃን» የሚል ስም አለው፤ ኦሮምኛም «ሰብ ቁነምቲ» ይለዋል፤ «ሰብ» ሕዝብ ማለት ነው። እንግዲህ «ብዙኃን» የሚለው ቃል በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከጋዜጣ ጋር ተቆራኝቷል፤ ቦታው ተይዟል። ለመልቲካስት «ብዝኃ ስርጭት» ብንል አንባቢው የሚረዳው ብሮድካስትን ነው። ሁለቱን ለመለየት የወጣው ስያሜ ሁለቱን ያዋሕዳቸዋል። አንድ የሙያ ቃል ከዚህ የከፋ ጉድለት ሊኖረው አይችልም።

4. ቅጂው የሚባዛው የት ነው?

አሁን ወደ መረቡ እንምጣ። በኮምፒውተር መረብ መልእክት በትናንሽ ጥቅሎች ተከፍሎ ይሄዳል፤ በየመጋጠሚያው ራውተር የሚባል መሣሪያ ቆሞ የጥቅሉን አድራሻ እያየ መንገዱን ያመለክታል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በጅማ የሚገኝ አንድ ላኪ ለሰባት ከተሞች አንድ ትምህርት ለመላክ ፈለገ እንበል፤ ከተሞቹም በደሌ፣ ያዮ፣ ሁሩሙ፣ መቱ፣ ጎሬ፣ ከጎሬ በጋምቤላ መንገድ ቡሬ፣ በደቡብ መንገድ ደግሞ ማሻ ናቸው። መስመሩ የመኪናውን መንገድ ይከተላል ብንል ሰባት ቁራጭ መንገድ ይኖረናል።

ላኪው ለእያንዳንዱ ከተማ በተናጠል ቢልክ፣ ከጅማ እስከ በደሌ ባለው ቁራጭ ላይ ያው ትምህርት ሰባት ጊዜ ያልፋል። ከበደሌ እስከ ያዮ ስድስት፣ ከያዮ እስከ ሁሩሙ አምስት፣ ከሁሩሙ እስከ መቱ አራት፣ ከመቱ እስከ ጎሬ ሦስት ጊዜ ያልፋል። ከጎሬ ወዲያ ወደ ቡሬ አንድ፣ ወደ ማሻም አንድ ነው። ድምሩ 27 ይሆናል። ለሁሉ ቢልክ ደግሞ መልእክቱ በማይፈለግበት መንገድ ሁሉ ይሄዳል፤ ከበደሌ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መስመር ሳይቀር ያጨናንቃል። በመልቲካስት ቢልክ ግን በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያልፋል፤ በየከተማው ለዚያው ከተማ አንድ ይቀራል፤ ጎሬ ላይ ሲደርስ መንገዱ ስለሚከፈል ቅጂው ይባዛል። ድምሩ 7 ነው። በ27ና በ7 መካከል ያለው ልዩነት በሰፊ መስመር ላይ ላይሰማ ይችላል፤ በጠባብ መስመር ላይ ግን ትምህርቱ መድረሱንና አለመድረሱን የሚወስን ነው።

ልብ እንበል፤ ማባዛቱ የሚፈጸመው በመንታው መንገድ ላይ ነው። ገበያተኛው በየመንታ መንገዱ እየተለያየ አዋጁን እንዳደረሰ፣ ራውተሩም እንዲሁ ያደርጋል። «ብዛት» የሚለው ሐሳብ በዚህ አሠራር ውስጥ ስፍራ ካለው፣ ስፍራው ከመንታው ላይ ነው።

5. የአባልነት ነገር

ይህ አሠራር በኢንተርኔት ላይ መልክ የያዘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በስቲቭ ዲሪንግና በዴቪድ ቼሪተን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1985 ቀረበ፤ ተሻሽሎም እ.ኤ.አ. በኦገስት 1989 የጸና ደንብ ሆነ። ከኢንተርኔት አድራሻዎች መካከል ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት ለዚህ ተለዩ። ቁጥራቸው 268,435,456 ሲሆን፣ አንዱም የኮምፒውተር አድራሻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የአንድ ማኅበር ስም ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1992 በሳንዲያጎ የተደረገ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ድምፅ በዚህ መንገድ በልዩ ልዩ አገር ወደሚገኙ 20 ስፍራዎች ተላልፏል።

በደንቡ ውስጥ ለስያሜያችን ወሳኝ የሆኑ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ተቀባዩ ራሱ ይገባል፤ ራሱም ይወጣል። ላኪው ስም ዝርዝር አይዝም፤ እነማን እንደሚሰሙት እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ራውተር በየጊዜው የሚጠይቀው ጥያቄ «ስንት ናችሁ?» የሚል አይደለም፤ «ከዚህ ማኅበር አባል አለን?» የሚል ነው። አንድ እንኳ «አለሁ» ካለ ይበቃዋል፤ ማንም ካልመለሰ ቅጂ መላኩን ያቆማል። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ አንድ አባል ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ባዶም ሊሆን ይችላል። ባዶ የሆነውን «ብዙ» ብሎ መጥራት በባዕዱም ቋንቋ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱን ተርጉመን የምንወርስበት ምክንያት የለም። አራተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የኢንተርኔት ደንብ ሥሪት 6 ብሮድካስትን ፈጽሞ አስቀርቶታል። በዚያ ሥሪት ለሁሉ መላክ ሲያስፈልግ ሁሉም አባል ለሆኑበት ማኅበር ይላካል። «ሁሉም» ከአባልነት ዐይነቶች አንዱ ሆነ ማለት ነው።

ለእንዲህ ያለው ነገር ኑሯችን ባዕድ አይደለም። ዕድር፣ ጽዋ ማኅበርና ዕቁብ በከተሞቻችን ሁሉ የታወቁ ናቸው። የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ተነሥቶ የሚሄደው ግን ዕድርተኛው ነው። መልቲካስት ከዚህ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ አባል በሌለበት ሰፈር ጥሩምባው ጨርሶ አይነፋም።

ሌላም የሚደንቅ ተመሳሳይነት አለ። ብዙ ተቀባይ ባለበት ሁሉም በአንድ ጊዜ «ደርሶኛል» ብለው ቢመልሱ ላኪው በመልስ ጎርፍ ይጥለቀለቃል። ስለዚህ የደረሰው ዝም እንዲል፣ የጎደለበት ብቻ እንዲናገር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሳሊ ፍሎይድ፣ ቫን ጃኮብሰንና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት ስልት ደግሞ የጎደለውን የሚሞላው የግድ ላኪው አይደለም፤ ጥቅሉ የደረሰው ማንኛውም አባል ለጎረቤቱ ይደግምለታል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ ማለት ይህ ነው። የኮምፒውተር ሊቃውንት በብዙ ድካም የደረሱበት መፍትሔ በአዋጃችን መክፈቻ ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ፣ ለቃላት ሥራችን መነሻው ከራሳችን ቤት እንደሚገኝ ያስረዳል።

6. ከሳተላይቱ ትምህርት የተገኘ ማስተማሪያ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየክፍሉ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ ከአንድ ስፍራ ለብዙ ትምህርት ቤቶች መላክ በተግባር ታየ። ሳተላይት ከላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ሲናገር፣ በሽፋኑ ሥር ያለና መቀበያ ሳህን የተከለ ሁሉ ይሰማል። ለርቀት ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ የአዲስ አበባ ተማሪና የኢሉባቦር ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ለመከታተል ቻሉ። በዚያው ሰሞን የተዘረጋው ወረዳኔት ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት እያገናኘ በምስል ለመሰብሰብ አስቻለ።

በፕላዝማው ላይ ብዙ ጊዜ የተሰማው ቅሬታ ትምህርቱ የሚጓዘው በራሱ ሰዓት መሆኑ ነው። መምህሩ ሊያቆመው አይችልም፤ መብራት የጠፋበት ክፍል ያመለጠውን አያገኝም። ይህ የስርጭት ጠባይ ነው፤ ላኪው ማን እንዳለ አይጠይቅም፤ ማን እንደ ጎደለበትም አይሰማም። በወረዳኔት ስብሰባ ግን የሚገባው የተጠራው ወረዳ ነው፤ ተሰብሳቢውም ይናገራል። ሁለቱም ከአንድ ወደ ብዙ የሚሄዱ ናቸውና «ብዝኃ» የሚለው ቃል አይለያቸውም። የሚለያቸው አባልነት ነው።

እርግጥ ነው፤ መልቲካስት እንደ ታሰበው በሕዝባዊው ኢንተርኔት ላይ አልተስፋፋም። እያንዳንዱ ራውተር ስለ እያንዳንዱ ማኅበር ማስታወሻ መያዝ ነበረበት፤ ማንም ወደ ማኅበሩ መላክ ስለሚችል ሥርዓት ማስያዙ አስቸገረ፤ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለውም መልስ አላገኘም። ስለዚህ ዛሬ በኢንተርኔት የምናየው ፊልም በአብዛኛው በአካባቢው ከተከማቸ ቅጂ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል የሚላክ ነው። ባለቤቱ አንድ በሆነ መረብ ውስጥ ግን፣ ለምሳሌ በቴሌቪዥን አገልግሎት ሰጪዎች፣ በአክሲዮን ገበያዎችና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ መልቲካስት ሥራ ላይ ይውላል።

ነገሩ ለኢሉባቦር የሚጠቅመውም በዚህ በኩል ነው። የመቱ ዩኒቨርሲቲ ከመቱ ሌላ በበደሌም ግቢ አለው። ከአንዱ ግቢ የሚሰጥ ትምህርት በሌላው ግቢ በብዙ ክፍሎች እንዲታይ ቢፈለግ፣ ጥያቄውን ለመሐንዲሱ የምናቀርብበት ቃል ውጤቱን ይለውጣል። «ለብዙ ይላክ» ከተባለ የሚታሰበው መስመሩን ማስፋት ነው፤ ለዚህም ገንዘብ ይጠየቃል። «ለአባላቱ ይላክ» ከተባለ ግን አንድ ቅጂ በመስመሩ አልፎ ከበደሌ ግቢ ሲደርስ እንዲባዛ ይታሰባል። ቃሉ የተሳሳተበት ባለሙያ መፍትሔው በእጁ ሳለ ሌላ ሊገዛ ይችላል።

7. የስያሜው ሐሳብ

«ማኅበር» ከግእዙ «ኀበረ» የወጣ ነው፤ ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። «አባል» ደግሞ በግእዝ የሰውነት ክፍል ማለት ሲሆን፣ «አባለ ዘር» በሚለው ሐረግ ዛሬም በዚሁ ትርጉሙ ይኖራል። የአካል ክፍል የሆነው ቃል የማኅበር ተካፋይን ለመጥራት መተላለፉ ለጉዳያችን የተመቸ ነው፤ ወደ አካሉ የመጣ ለአባሉ ይደርሳልና። ከሁለቱ መካከል ለስርጭቱ ስም «አባል»ን እንመርጣለን። «ማኅበራዊ ስርጭት» ብንል ዛሬ ማኅበራዊ መገናኛ ከሚባለው ጋር ይምታታል። «የቡድን ስርጭት» ብንል ደግሞ ቡድን በሌላ ሰው የሚደለደል ስለሆነ፣ ተቀባዩ በፈቃዱ መግባቱንና መውጣቱን አያመለክትም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናቀርባለን። ብሮድካስት እንደ ተለመደው «ስርጭት» ይሁን። ዩኒካስት «ለነጠላ መላክ» ይባል፤ ለአንድ የሚደርስ ነገር አይሰራጭምና «ስርጭት» የሚለው ቃል አይስማማውም። መልቲካስት «የአባላት ስርጭት» ይባል። ተቀባዮቹ በአንድነት «የተቀባዮች ማኅበር»፣ ወደ ማኅበሩ መጨመር «መግባት»፣ መለየት «መውጣት»፣ ከላኪው እስከ አባላቱ የሚዘረጋው መንገድ «የስርጭት ዛፍ»፣ ቅጂው በመንታው ላይ የሚፈጸምበት ሥራ «ማባዛት» ይሁን። በዚህ ዐይነት «ብዙ» የሚለው ሥር ከሚገባው ቦታ ይቀመጣል።

ስያሜው ሁለት ቃል መሆኑ ይረዝማል የሚል ተቃውሞ ሊያስነሣ ይችላል። ነገር ግን «መገናኛ ብዙኃን»ም ሁለት ቃል ሆኖ ሕዝቡ ተቀብሎታል፤ ቃልን የሚያስጥለው ርዝመት ሳይሆን ግልጽ አለመሆን ነው። በኦሮምኛም አባል «ሚሴንሰ» ስለሚባል «ተምሳሰ ሚሴንሶታ» የሚል አቻ ማሰብ ይቻላል፤ ብያኔው ግን የቋንቋው ባለሙያዎች ነው። መቱ ላይ ሁለቱን ቋንቋዎች አጣምሮ የሚማር ተማሪ በሁለቱም ያንኑ ሐሳብ ቢያገኝ፣ ስያሜዎቹ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጋጩም።

ለመዝገበ ቃላት የሚሆነውን አገባብ ከዚህ በታች አስፍረናል፤ የሙያው ሰዎች በሥራ ፈትነው ቢያርሙት ደስ ይለናል።

የአባላት ስርጭት፦ (ስም) በኮምፒውተር መረብ፣ ከአንድ ላኪ የወጣ መልእክት መንገዱ በሚከፈልበት ስፍራ ብቻ እየተባዛ፣ እንዲደርሳቸው ራሳቸው ለጠየቁ ተቀባዮች የሚተላለፍበት ስልት፤ የተቀባዮቹ ቁጥር አንድም፣ ብዙም፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ከ«ስርጭት» የሚለየው አባል ወደሌለበት ስፍራ ባለመሄዱ፣ ከ«ለነጠላ መላክ» የሚለየው በአንድ መስመር ላይ አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ባለማለፉ ነው።